በሊኦና ስም የተሠራችው ጀልባ

ኦሪን ተትሂል በሎንግ አይላንድ ዳርቻ ጀልባ እየሠራ የሚኖር፣ ሥራው የሚደነቅለት፣ ግን ነገር ቶሎ የሚከነክነው ሰው ነበር። ሊኦናን ሲያገባ፣ ከእሱ በፊት ክላውድ ሃሎክ የሚባል ድሃ ጎረምሳ ላግባሽ ብሏት ወደ ቴክሳስ እንደሄደና እንደወጣ እንደቀረ መንደሩ ሁሉ ነግሮታል። ግድ አልሰጠውም፤ ባዶ ኪስ የሄደን ሰው ማን ይፈራል?

ከዓመታት በኋላ ግን ክላውድ የነዳጅ ቱጃር ሆኖ ተመለሰ። ባሕሩን ቁልቁል የሚያየውን ትልቁን ቤት ገዛና፣ አንድ ቀን ጠዋት ነጭ ጫማውን ተጫምቶ ከኦሪን መሥሪያ ደጃፍ ቆመ።

«ቆንጆ ባለሸራ ጀልባ ሥራልኝ። ስሟ ‹ሊኦና› ይሁን።»

«እሱ የሚስቴ ስም ነው።»

«አውቃለሁ። አንተ ሳታውቀው በፊት አውቀው ነበር» አለ ክላውድ ፈገግ ብሎ።

ኦሪን መዶሻውን አስቀመጠ። እምቢ ቢል ፈራ ሊባል ነው፤ እሺ አለ። እራት ላይ የሚስቱን ፊት ለማየት ብሎ ነገሩን እንደ ቀልድ ጣል አደረገላት። የሊኦና እጅ ሳታስበው ወደ ፀጉሯ ሄደ።

ያ እጅ በጋውን ሙሉ አልለቀቀውም። ሳንቃ ሲልግ ይታየዋል፣ ቀለም ሲቀባ ይታየዋል። በጀልባዋ ጎን ላይ ስሙን ሲጽፍማ የገዛ ሚስቱን በገዛ እጁ የሚድር መሰለው።

ጀልባዋ ውኃ የነካች ዕለት ክላውድ ሁለቱንም ጋበዘ። ሊኦና ሰማያዊ ቀሚስ ለብሳ ወጣች።

«ለእኔ እንዲህ ለብሰሽልኝ ታውቂያለሽ?» አላት ኦሪን።

«የት ወስደኸኝ?»

«ሂጂ በቃ፣ እኔ ሥራ አለኝ» ብሎ ወደቡ ላይ ቀረ፤ ሥራ ግን አልነበረውም። ሸራው ሲርቅ ሳቃቸው የሚሰማው መሰለው።

ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ። ክላውድ እጁን እንኳ ሳይሰጣት ቀድሟት ዘሎ ወረደ።

«ስሙን ፋቅልኝ» አለው ኦሪንን። «ሌላ እናወጣላታለን።»

ኦሪን ሲመኘው የከረመው ይህንኑ ነበር። ደሙ ግን ፈላ። ኮሌታውን ጨምድዶ ያዘው።

«ምን ጎደላት? ንገረኝ እንጂ! ሚስቴ ምን ጎደላት?»

«ልቀቀኝ! እኔ የማውቃት ልጅ አይደለችም፤ ሌላ ሴት ናት።»

«ተወው ኦሪን፣ እንሂድ» አለች ሊኦና።

መንገድ ላይ «ምን አለሽ?» ብሎ ጠየቃት።

«ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ ቆየና፣ ‹ሳቅሽ እንዲህ ነበር እንዴ?› አለኝ።» ልትስቅ ሞከረች፤ እንባዋ ቀደማት።

ክንዱን ሰጣት፤ ተደገፈችው። በትልቁ ቤት ያልቀናውን ያህል በዚያ እንባ ቀና። «እኔ ብሄድብሽስ እንዲህ ታለቅሺልኝ ነበር?» የሚለው አፉ ላይ ደርሶ ዋጠው።

ክላውድ ቅጠሉ ሳይረግፍ ቤቱን ሸጦ ሄደ። ኦሪን ግን አብረው ባረጁበት ዘመን ሁሉ ያንን ጥያቄ ሊጠይቃት አልደፈረም።