ከጠርሙሱ ኋላ

የእህቴ ባል ካሜራ መቀየር አማረው፤ እህቴ አይሆንም አለችና «አንቺ ፍረጂን» ብለው አስጠሩኝ። ሰውዬው የባንክ ሠራተኛ ነው፤ ፎቶ ማንሳት የትርፍ ጊዜ ሱሱ ነው። ያለው ካሜራ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ የአዲሱ ዋጋ ደግሞ አይቀመስም።

«ይሄኛው ጥራት የለውም» አለኝ፣ ጥርሱን እንደታመመ ሰው ፊቱን አጨማድዶ። «ዳር ዳሩን ያደበዝዛል።»

«እስቲ ያነሳኸውን አሳየኝ» አልኩት።

ኮምፒውተሩን ከፈተ። መጀመሪያ የሳሎኑ ግድግዳ መጣ። ቀጥሎ ግድግዳው ላይ የተለጠፈ ጋዜጣ፣ ከዚያ መስኮት ላይ የቆመ ባዶ ጠርሙስ፣ ደግሞ ጠርሙሱ፣ ደግሞ ግድግዳው። ለካ ይሄን ሁሉ ጊዜ ካሜራውን ሲፈትን ነው የከረመው። ሴት ልጁ መራመድ የጀመረች ዕለት፣ እናቱ ሊጠይቁት የመጡ ዕለት፣ ፎቶ ያነሳችው እህቴ ናት፣ በዚያ መስታወቱ በተሰነጠቀ ስልኳ። እሱ ምን ገዶት፤ የጋዜጣውን ፊደል እያጎላ ጠርዙን ይመረምራል።

አንዱ ፎቶ ላይ ስንደርስ እጁን ያዝኩት። ከጠርሙሱ ኋላ እህቴ ልጇን ታቅፋ ከት ብላ ትስቃለች፤ መልኳ ብዥ ብሏል። እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ቆይቻለሁ።

«እሱ የተበላሸ ነው» አለ። «ሳላጠፋው ረስቼው ነው።»

አጠገባችን ልብስ ታጥፍ የነበረችው እህቴ ቀና አለች።

«ግዛው» አለችው ረጋ ብላ። «እኔም ከእንግዲህ ከጠርሙስህ ኋላ አልቆምብህም።»

ፊቱ በራ። ወደ እኔ ዞረና «ሰማሻት አይደል?» አለኝ። «ተስማማች።»