የኮኩ ፍሬ

«አንዱ ፍሬ ቢሄድ ምን አለበት? አንዱ አለ አይደል!»

ይህን ያለው የጤና ጣቢያው ድሬሰር አበራ ይሁን አባቱ ጉደታ፣ ፈዬራ አሁን በእርግጥ አያስታውስም። ትንሽ ልጅ ሳለ ነው፤ ካራ ሰፈር ባለው ግቢያቸው ሁለቱ በር ዘግተው ሲያወሩ ከውጭ ሰማ። አባቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ስለ መቁረጥ የሆነ ነገር ጠየቁ፤ አበራ ሳቀ። ልጁ ሮጦ ደጅ ወዳለው የኮክ ዛፍ ሄደና የትኛው ፍሬ እንደ ጎደለ ፈለገ። ዛፉ እንደ ወትሮው ሞልቶ ነበር። ግራ ገብቶት ተመለሰ፤ ነገሩንም ረሳው።

ዛሬ ፈዬራ በኮተቤ መንገድ የታክሲ ሾፌር ነው። ተማሪዎች ሲሻገሩ የመጨረሻዋ ሕፃን አስፋልቱን እስክትለቅ ይጠብቃል።

«ሾፌር፣ ልታሳድጋቸው ነው እንዴ? ንዳው እንጂ!» ይሉታል ከኋላ።

አብሯቸው ይስቃል። ለእንጦጦ ማርያም ከሚስቱ ከቢፍቱ ጋር የተሳሉት ጥላ ግን ዛሬም አልተገዛም፤ የሚያስገዛው ልጅ አልመጣማ።

በዚህ መሃል ነው በቀኝ የዘር ፍሬው ላይ የማያም እብጠት በእጁ የዳሰሰው። ለቢፍቱ ሳይነግራት ሐኪም ዘንድ ሄደ። ሐኪሙ ዳሰሰና፣ «ቢላ ከማንሳታችን በፊት በአልትራሳውንድ እንየው» አለው።

ባለሙያዋ ኢልሃም ቀዝቃዛውን ጄል ቀብታ መሣሪያውን አስኬደችው። ፈዬራ ዓይኑን ጣራው ላይ ተከለ።

«ማየት ይፈልጋሉ?» ብላ ስክሪኑን አዞረችለት። «ይሄ ጠቆር ያለው ነው። ውኃ አይደለም፣ ጠጣር ነው፤ ደምም ይገባበታል። ከፍሬው ውስጥ ነው የበቀለው።»

«ግራውስ?»

መሣሪያውን አሻገረችው። ሞላላ፣ ከዳር እዳር አንድ ዓይነት ግራጫ፤ እጅ ያልነካው ኮክ። «እዚህ ምንም አይታየኝም።»

ሐኪሙ ምስሉን አይቶ ሳይደብቅ ነገረው። «ካንሰር ሊሆን ይችላል። በብሽሽት በኩል ፍሬውን እናወጣዋለን። ቶሎ ከተደረሰበት አብዛኛው ሰው ይድናል።»

«ዶክተር፣ እኔ ልጅ አልወለድኩም።»

«ብዙዎች በአንዱ ይወልዳሉ። ምስሉ ግን ቅርጹን እንጂ ዘሩን አያሳየኝም። እሱን አስቀድመን በላቦራቶሪ እናየዋለን።»

«ላስብበት» ብሎ ወጣና ሳያስበው ወደ ካራ ነዳ። አባቱ ከኮኩ ሥር ተቀምጠው ነበር። የሐኪሙን ቃል እንደ ሰማው ነገራቸው። ሲጨርስ ያ የድሮ ነገር ትዝ አለው።

«አባባ፣ ያኔ ከአበራ ጋር በር ዘግታችሁ ስለ ፍሬ ስታወሩ…»

«ሰምተሃል?»

«ስለ ኮኩ መስሎኝ ነበር።»

ጉደታ እስኪያስላቸው ሳቁ። «ፈረስ ረግጦኝ አንዱን አወጡልኝ እኮ! እህትህ ዳርቱ ከዚያ በኋላ ከየት የመጣች ይመስልሃል? ከዛፉ ወረደች?»

ፈዬራ ቀና ብሎ ጥሬዎቹን ኮኮች አየ። «ለእኔ ግን ላይሆን ይችላል።»

«ላይሆን ይችላል። እሱን እግዜር ያውቃል። ቢፍቱ ልጅ ባይኖራት ባል አላት፤ እሱንም አትንፈጋት። ነግረሃታል?»

«አልነገርኳትም።»

«እንግዲያው ከበር ኋላ ሰምታ ኮክ ስትቆጥር እንዳናገኛት።»

ፈዬራ ስልኩን አወጣ። ለቢፍቱ ደውሎ ሁሉንም ነገራት።

«እና ምን አልካቸው?» አለችው።

«ላስብበት ብያቸው ነበር። ነገ ከላቦራቶሪው እንጀምራለን፤ ከዚያ ያወጡታል። አሁን እሺ ብያለሁ፣ ቢፍቱ። አብረሽኝ ነይ።»