አፋፉ ላይ

ባሌ የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። ባለፈው ዓመት ትልቁ ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ አለውና አውቶቡሱን ከነተሳፋሪው መንገድ ዳር የተቆለለ አሸዋ ላይ ሰካው። ሰው አልሞተም። አንዲት ሴት ክንዷ ተሰበረ፣ ሌላው በድንጋጤና በአቧራ ተረፈ። ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ መካኒኮቹ ራሳቸው መሰከሩለት። እሱን ግን ማን ያሳምነው። ከዚያ ወዲህ በመሥሪያ ቤቱ ግቢ ውስጥ አውቶቡስ ከማጠብ በቀር መሪ የሚባል ነገር አልነካም።

እሑድ ከሰዓት የስምሪት ኃላፊው ደወለ። "ነገ ጠዋት የቁልቁለቱን መስመር ትይዛለህ። ካልቻልክ ሹፌርነቱን እርሳው፣ አጣቢ ሆነህ ትቀራለህ" አለው። ይሉኝታ ያልፈጠረበት ሰው ነው።

ባሌ ስልኩን ዘግቶ ቤቱን መዞር ጀመረ፤ ከመስኮት ወደ በር፣ ከበር ወደ መስኮት። እኔም ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እግሬ ፔዳል ካልረገጠ መቀመጥ አይሆንልኝም። እሱ ሲዞር እኔ የታጠፈውን ልብስ ከቁም ሳጥን እያወጣሁ እንደገና ማጠፍ ያዝኩ። ድሮም የምትጠበን ቤት ያን ቀን ጭራሽ አልበቃችንም።

"ኧረ ቁጭ በልና ጸልይ" አልኩት።

"አንቺስ?"

"እኔማ እየጸለይኩ ነው።" ውሸቴን ነበር። ገና ጌታ ሆይ ከማለቴ ሐሳቤ ዘሎ ቁልቁለቱ ላይ ይወጣል።

"እኔ ከአደጋው ወዲህ ቃል አልወጣ ብሎኛል" አለ። "እንበረከካለሁ፣ አፌ ይያዛል፣ እነሳለሁ።"

ይህን ስሰማ ፈራሁ። ፍሬኑ ከመክዳቱ የባሰ ነገር መሰለኝ።

መቼስ እኔ ነገር ሆዴ ውስጥ አይቆይም። ወደ ጸሎት ቡድናችን መሪ ሮጥኩ። ድምፅዋ አጥር ስለሚሻገር ማይክራፎን ነው የምንላት፣ ፊት ለፊቷም ጭምር። "አይዞሽ፣ ብቻውን አንተወውም" አለችኝ። እኔ ቤታቸው ሆነው የሚጸልዩ መስሎኝ አመስግኛት ተመለስኩ።

ጠዋት አብሬው ልሁን ብዬ የኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አውቶቡሱ ከመነሻው ሳይንቀሳቀስ ማይክራፎን ቡድኗን አስከትላ ገባች፤ ሁሉም መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠዋል። ባሌ በመስታወቱ አየኝ። ቤት እንገናኝ የሚል አስተያየት ነው፣ አውቀዋለሁ። ዓይኔን ወደ መስኮቱ መለስኩ።

ጥቂት እንደሄድን ጸሎቱ ተጀመረ፤ መጀመሪያ በሹክሹክታ፣ ቀጥሎ ጠንከር ብሎ። "ከድንገተኛ አደጋ ጠብቀው።" "መሪውን አንተ ያዝለት።" ተሳፋሪው እርስ በርሱ ተያየ። ቦርሳ ያቀፈ ሰውዬ ወደ ማይክራፎን ዘወር ብሎ፣ "ይቅርታ እናቴ፣ ሹፌሩን ምን ነካው?" አላት።

"ምንም። ያኔ ፍሬን እምቢ ያለው እሱ ስለሆነ ነው" አለችው፣ ያጽናናች መስሏት።

ሰውዬው በሚቀጥለው ፌርማታ ወረደ። ሌሎችም ተከተሉት። ሊያበረታቱት መጥተው አውቶቡሱን ባዶ ሊያስቀሩበት ነው። የጠራኋቸው እኔ ነኝና መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

አፋፉ ላይ ስንደርስ ባሌ ጥግ ይዞ ቆመ። የእጅ ፍሬኑን ሳበ። ከዚያ ተነስቶ ዞረ። በቃ፣ ቁልፉን ሊያስረክብ ነው አልኩ በልቤ። እግሬ ሳላዘው ወለሉን ይረግጣል።

"እናቶቼ" አለ፣ "ስለመጣችሁልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ግን እንዲህ እየጮኻችሁ ፍሬኑ አይሰማኝም። ስወርድ ድምፁን መስማት አለብኝ። እባካችሁ እታች እስክንደርስ ዝም በሉልኝ።"

"ጸሎት አቁሙ ነው የምትለን?" አለች ማይክራፎን ቅር ብሏት።

"ኧረ አይደለም። በልባችሁ ጸልዩ። እኔም የምለው አለኝ።"

ማይክራፎን ዝም ስትል ያን ቀን አየሁ። ባሌ ተመልሶ ተቀመጠ፣ ማርሽ ቀነሰ፣ ፍሬኑ ተንፈስ አለ፣ መውረድ ጀመርን። ከሞተሩ ድምፅ በቀር የሚሰማ የለም። በመስታወቱ ሳየው ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው፣ ከንፈሩ ግን ይንቀሳቀሳል። አሸዋው ተቆልሎ የነበረበት ቦታ ስንደርስ እንኳ ከንፈሩ አላረፈም። ያን ጊዜ የእኔም ሐሳብ የትም አልሄደም። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ እሱም መሪ ይዞ ፊቴ ተቀምጧል። እንባዬ መጣ፣ ተውኩት ይውረድ።

እታች ደርሰን በሩን ከፈተ። እናቶች በተራ ትከሻውን እየነኩ ወረዱ። ሁሉም ሲሄዱ ተነስቼ አጠገቡ ቆምኩ። ሸሚዙ ላብ ጠጥቶ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

"እግዚአብሔርን ምን አልከው?" አልኩት።

ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። "እስከዛሬ ፍርሃቱ ሲለቀኝ እጸልያለሁ እያልኩ ስጠብቅ ነበር። አልለቀቀኝም። አፋፉ ላይ፣ እንደፈራሁ ነኝ፣ አብረኸኝ ውረድ አልኩት።"

"ከዚያስ?"

"ወረደ" አለኝ፣ ለመልሱ ጉዞ ሞተሩን እያስነሳ።