የጎንፋ ምንጭ

ሙለታን የሰደበው ገመቺስ ነው። ቀኑ የግንቦት ልደታ፣ ዘመኑ ዘጠና ሰባት፣ ቦታው አብነት፣ የአገር ልጆች ማኅበር የሚሰበሰብበት ግቢ። ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ቀለም የሚሸጠው ገመቺስ፣ አፉ ንፍሮ እንደሞላ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «በአያትህ በጎንፋ ስም የታወቀ ነገር ቢኖር የሰው ገብስ የምትፈጀው በቅሎው ብቻ ናት» አለው። ሰው ሳቀ። ማን ማን እንደሳቀ ሙለታ አልረሳም፤ ማን ጥርሱን እንዳሳየ፣ ማን በነጠላው እንደተሸፈነም ለይቶ ያውቃል። ከሳቁት ሁለቱ ሞተዋል። ቀብራቸው ላይ ቆሟል፣ ይቅር ግን አላላቸውም።

ሙለታ ሶፋ አዳሽ ነው። ሚስቱ አያንቱ፣ ሚስማሩን ሁሉ ገመቺስ ነው እያለ ስለሚመታው ነው ሥራው የሚጠነክረው እያለች ለጎረቤት ታወራበታለች።

ነገሩ የከረረው ከሰባት ዓመት በኋላ፣ ማኅበሩ ገጠር ያለውን ምንጭ ሲያሠራ ነው። ምንጩ አጠገብ ድንጋይ ይቆማል፣ ድንጋዩ ላይ ስም ይቀረጻል ተባለ። ገመቺስ የዲንሳ ምንጭ ይባል አለ፤ ዲንሳ የእሱ አያት ነው። ሙለታ ደግሞ ምንጩ ከጥንትም የጎንፋ ነው ባይ ሆነ። ማስረጃ አምጣ አሉት።

ደግነቱ አንድ ጡረታ የወጣ ቀያሽ ሶፋውን ሊያሳድስ መጣ። በጃንሆይ ዘመን የተነሳ ካርታ እንዳለ፣ ጋራውም ወንዙም ምንጩም በየስሙ እንደተጻፈበት፣ ቅጂውም እንደሚሸጥ የነገረው እሱ ነው። ሙለታ በማግስቱ ሱቁን ዘግቶ ሄደና ገዛ።

ጨርቅ የሚቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጋው መጀመሪያ የታየው የተወሳሰበ ክር ነው። ቀያሹ ግን አስረድቶታል፤ ቡናማው መስመር ሲጠጋጋ ዳገት፣ ሲራራቅ ሜዳ ነው። መስቀል ከተሰመረበት ከቤተ ክርስቲያኑ ተነስቶ ወንዙን በጣቱ ተከትሎ ወረደ። እሱ በልጅነቱ ድንጋይ ብቻ ሆኖ የሚያውቀው ጋራ ካርታው ላይ አረንጓዴ ነው። ጫካ ነበር ማለት ነው። አባቱ እዚያ ነብር ነበር ሲሉት አላመናቸውም ነበር። ዛሬ ሰው በማይረግጠው ሸንተረር ላይ የበቅሎ መንገድ በነጠብጣብ ተሰምሯል። ለአፍታ ገመቺስን ረሳው። ለአፍታ ነው፣ ብዙም አልቆየ።

ስሞቹ የተጻፉት በፈረንጅ ፊደል ነው። ሙለታ ትምህርት ያቆመው ከአምስተኛ ክፍል ስለሆነ «ጎንፋ» የሚለውን ቀያሹን በቁራጭ ወረቀት አስጽፎ ይዟል። ፊደል በፊደል እያመሳከረ ሲፈልግ፣ ሰማያዊ ነጥብ ካለችበት ምንጩ አጠገብ አገኘው። ከዚያ ወዲያ ሌላ አልፈለገም። አያንቱ የቀረውንስ የሚያውቅ ሰው ያንብብልህ ብትለው፣ አንቺ ደግሞ ለነገር አላት።

እሑድ ማኅበሩ ሲሰበሰብ ካርታውን መሀል ላይ ዘረጋ። የማኅበሩ ጸሐፊ ወይንሀረግ አስተማሪ ናት፤ መነጽሯን አድርጋ አጎነበሰች። የጎንፋ ምንጭ ብላ አነበበች። ሙለታ ዓይኑን ገመቺስ ላይ ተክሎ፣ ፊቱ ሲለዋወጥ ሊያይ ጠበቀ።

ወይንሀረግ ግን አላቆመችም። የጎንፋ ጋራ አለች። የጎንፋ ሜዳ። የጎንፋ መሻገሪያ። ወንዙን ይዛ ሌላ ወረዳ እስኪገባ ወረደች፣ እዚያም ጎንፋ ነው። በመጨረሻ ጥጉ ላይ አንድ ሌላ ስም አገኘች፤ የዲንሳ ገደል ይላል። አገሬው የሞተ ከብት የሚጥልበት ገደል ነው።

መሳቅ የጀመሩት የማኅበሩ ሽማግሌ ጋሽ ሞቱማ ናቸው። ሳል እያቋረጣቸው ነገሩን አወሩት። ካርታውን ያነሱት ቀያሾች መሣሪያቸውን የሚጭን በቅሎ ሲፈልጉ የተገኘው ጎንፋ ነው፤ በቅሎውን አከራይቶ እሱም መሪ ሆነ። በየጋራው አናት ቆመው ይህ ማን ይባላል ሲሉ የሚመልሰው እሱ ብቻ ነበር። ከዲንሳ ጋር ደግሞ በዚያው ሰሞን በድንበር ተካሰው ነበር።

ግቢው በሳቅ ተናጋ። ሙለታ ማን ማን እንደሳቀ በልቡ ሊይዝ ሞከረና ተወው፤ ያልሳቀ የለም። ምንጩ አመለጠኝ ብሎ ሲያስብ ገመቺስ እንባውን እየጠረገ ተነሳ። መንግሥት ያተመውን ካርታ እኔ አልሽርም፣ ምንጩ የጎንፋ ይባል፣ አያቴም ገደሉን ይዞ ይረፍ አለ። ይህን ብሎ ዝም ቢል ደግ ነበር። መጥቶ ሙለታ ፊት እጅ ነሳ።

«ሙሌ፣ የዛን ጊዜ ክፉ ተናግሬሃለሁ። አጥፍቻለሁ፣ ይቅር በለኝ።»

ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዷ፣ እንዴት ያለ ጨዋ ነው አለች።

«በል እንግዲህ ሙለታ» አሉ ጋሽ ሞቱማ። «ይቅር ብያለሁ በልና ስሙን እናጽፈው። በቂም ላይ ስም አይቀረጽም።»

ወይንሀረግ እስክሪብቶዋን አነሳች። ሙለታ ለስድብ መልስ ነበረው፤ ለክህደትም ነበረው፣ ሰባት ዓመት ሙሉ ሲያሾለው የኖረ። ይቅርታ ይመጣብኛል ብሎ ግን አላሰበም። ደግሞስ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ዝቅ ብሎ ጨዋ መባል፣ እሱን አኩራፊ አስመስሎ ማቆም፣ ይህ ራሱ ምን የሚሉት ንቀት ነው? እሑድ፣ ከምሳ በፊት፣ ጋሽ ሞቱማ ባሉበት፤ ይህንንም ልብ አለ።

ካርታውን ጥንቅቅ አድርጎ ጠቀለለው።

«ኧረ ሙለታ፣ ድንጋዩ ላይ ምን ብለን እንጻፍ?» አለች ወይንሀረግ።

ጥቅሉን ብብቱ ሥር ሸጉጦ በበሩ ወጥቶ ወደ ልደታ ማርያም አቅጣጫ ሄደ።