ተራ የያዘችው ዶክተርዬ

ዶክተርዬ ዶክተር አይደለችም፤ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ስሙን አባቷ ያወጣላት ገና አፏን ሳትፈታ ነው። እሷ መጽሐፍ ከገለጠች ቤቱ ጭጭ ይላል። ቴሌቪዥኑ ድምፅ የለውም፣ እናቷ የምትቆጣው በሹክሹክታ ነው፣ ታናሽ ወንድሟ ማስነጠስ ሲመጣበት ወደ ግቢ ይሮጣል። ከፍቅር ብዛት እኮ ነው! ፊደሉ ግን እምቢ ብሏታል፤ ማታ ማታ «ነገ ባልነቃሁ» እያለች መተኛት ከጀመረች ሰነባብታለች። ለእናቷ ልትነግራት አፏን ስትከፍት፣ «ሽሽ! ጊዜሽን አታባክኚ፣ በኋላ» ተባለች።

አባቷ ፀጉር አስተካካይ ነው። ቤት ሲገባ ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ ነው፤ ሱቁ ውስጥ ግን የእሱን አፍ የሚዘጋ አልተወለደም። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሁሉ ትዳሩን፣ ሕመሙን፣ የአማቱን ጉድ ይዘከዝክለታል።

አንድ ቀን ከሰዓት ከትምህርት ቤት ቀርታ እሱ ዘንድ ሄደች።

«ምነው? ጥናቱስ?» አላት።

«ተራ ይዣለሁ።»

ግማሽ ራሱ የተላጨ ደንበኛ ፊቷን በመስታወቱ አየና ብድግ አለ። «እኔ አልቸኩልም፣ ልጅቷ ትቅደም።»

አባቷ እንደ ልማዱ ጨርቁን አንገቷ ላይ አሰረና፣ «እሺ፣ እንዴት ከረምሽ?» አለ። ቤት ውስጥ ይህን የጠየቃት አልነበረም።

«አባዬ፣ ደክሞኛል። ሞት እየተመኘሁ ነው።»

ቶንዶሱን አጠፋ። አልተቆጣም።

«ራስሽን ለማጥፋት አስበሻል?»

«አንዳንዴ። ዛሬ ፈራሁና መጣሁ።»

«እንኳን መጣሽ፣ የኔ እናት» አለና ከነጨርቁ አቀፋት።

ወዲያው ይዟት ጤና ጣቢያ ሄደ። ባለሙያዋ ሳትቸኩል አዳመጠቻት፣ ቀጠሮ ሰጠቻት፣ እስከዚያው ብቻዋን እንዳትተዋት ብላ አባትየውን አስጠነቀቀች። ባለግማሽ ፀጉሩ ሰውዬ ፎጣ ጠምጥሞ ሱቁን ሲጠብቅ ዋለ።

አመሻሹ ላይ አባቷ ጫማውን ሳያወልቅ ኳ ኳ እያለ ገባ።

«ሽሽ!» አለች እናቷ።

«ተይ እባክሽ። ዛሬ እሷ ታውራ፣ እኛ እንስማ።»

ዶክተርዬ አወራች። እናቷ እጇን ይዛ አለቀሰች፤ አንድም ጊዜ አላቋረጠቻትም። ታናሽየው ግን ማስነጠስ መጣበት፤ ወደ በሩ ሊሮጥ ሲል አባቱ ልብሱን ያዘው። ቤቱ እስኪናጋ አስነጠሰ።

«ይማርህ!» አለችው ዶክተርዬ፣ እንባዋን ሳትጠርግ እየሳቀች።

ሦስቱም ባንድ አፍ መለሱላት፤ «ያኑርሽ!»