የአምናው ውሃ

ልብስ ሰፊዋን የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ሜትሯ» ነው የሚላት። ስሙ የወጣላት ከአንገቷ በማይለየው የመለኪያ ጥብጣብ ነበር፤ ኋላ ግን ሌላ ሥራ ተደረበበት። በየጠዋቱ ሱቋን ከፍታ ላፕቶፗን ታበራና የውሃ ቢሮው ለሕዝብ ከሚያወጣው ገጽ የወንዙን ከፍታ አንብባ፣ ሦስት መቶ ምናምን ሰው ባለበት የሰፈር ግሩፕ ላይ ታሰፍራለች። ማንም አላዘዛትም። ትንሽ ኩራት ቢጤ ግን አለባት፤ ቁጥሩን ለቢሮው የሚልኩት የራሷ አባት ናቸዋ።

አባቷ ሃያ ስድስት ዓመት ወንዙን ያነበቡ ሰው ናቸው። ከድልድዩ ሥር ገደሉን በደረጃ ወርደው፣ ውሃው ውስጥ የተተከለውን ባለ ቁጥር ምሰሶ አይተው በስልክ መልእክት ይልካሉ። ሰዓት ሳይሞላ ቁጥሩ ገጹ ላይ ይወጣል። አራት ሜትር ከደረሰ ታችኛው ሰፈር ቤቱን ለቆ መውጣት አለበት። እዚያ ሰፈር ደግሞ ታናሽ እህቷ አለች፤ የአሥራ ሁለት ቀን አራስ፣ ያውም በቀዶ ጥገና የተገላገለች። ባሏ ሹፌር ነው፣ ከከተማ ወጥቷል። ከቤቷና ከወንዙ መሃል ከፍ ያለ የአፈር ክምር ስላለ ውሃው ቢሞላም ባይሞላም ከመስኮቷ አይታይም።

ሰሞኑን በላይኛው አገር ዝናቡ ሦስት ቀን አላባራም። ዛሬ ጠዋት ግሩፑ ላይ አንዱ የወንዙ ድምፅ አላማረኝም አለ፣ ሌላዋ እንቅልፍ አጣሁ አለች። ሜትሯ ሁለት ሜትር ከአሥራ አምስት ነው፣ ሥራችሁን ሥሩ ብላ አሾፈችባቸው። እነሱም እሷን አምነው ሥራቸውን ቀጠሉ።

በዚሁ ብትተወው ምን ነበረበት። እሷ ግን ፈሪዎቹን ጨርሳ አፍ ልታስይዝ ፈለገች። ገጹ ያለፉትን ዓመታት መዝገብም ለፈለገ ሁሉ ክፍት ስላደረገ የአምናውን አወረደች፤ ዘንድሮን በቀይ፣ አምናን በሰማያዊ አድርጋ በአንድ ግራፍ ልታሳያቸው። ግራፉ ሲወጣ አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ቀይ። አንዱን ፋይል ሁለት ጊዜ አስገብቼ ነው ብላ ራሷን እየተሳደበች እንደገና ሠራችው። አሁንም አንድ መስመር። ቁጥሮቹን ጎን ለጎን ደርድራ በጣቷ መውረድ ጀመረች። 2.14 እና 2.14። 2.17 እና 2.17። 2.15 እና 2.15። ሃምሳ ሦስት ቀን ወደ ኋላ ሄደች፤ አንዲት ሴንቲሜትር አልተዛነፈችም። ወንዝ ደብተር ገልብጦ አይፈስም።

ላፕቶፑን እንዳቀፈች ከሱቁ ጓሮ ወዳለው የአባቷ ክፍል ገባች። አባቷ አልጋቸው ላይ ጉልበታቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ተቀምጠዋል። እስከዛሬ እሷ ሱቅ ሳትከፍት ወንዝ ወርደው የሚመለሱ ነበር የሚመስላት።

«አባባ፣ ዛሬ ወንዙ ስንት ነው?»

«ልኬዋለሁ እኮ።»

«የላኩትን አይደለም። ወንዙን ነው የምጠይቅዎት።»

ስክሪኑን አዩ፤ ከዚያ እሷን አዩ። «አላውቅም» አሉ።

ቀስ በቀስ ተናገሩት። ደረጃው ላይ ተንሸራተው ከወደቁ ወዲህ ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሏቸዋል። ቢሮው ከሰማ ጡረታ ያወጣቸዋል። ነገ ይሻለኛል፣ ነገ ይሻለኛል እያሉ ከአምናው ደብተር እየገለበጡ ሲልኩ ሁለት ወር ሊሞላ ነው። ሜትሯ ወዲያው ለግሩፑ «የነገርኳችሁ ቁጥር ሐሰት ነው፤ ታችኛው ሰፈር አሁኑኑ ውጡ» ብላ ጻፈችና ለእህቷ ደወለች።

እህቷ መልእክቱን አይታው ነበር፤ ሳቋ መጣ። ጠዋት ተረጋጉ ያልሽው አንቺ፣ አሁን ውጡ የምትይው አንቺ፣ ለይቶልሻል እንዴ አለቻት። «የአባባ ቁጥር ሁለት ከአሥራ አምስት ይላል፣ እትዬ። እኔ በዚህ ስፌት የትም አልሄድም። አባባ ተሳስተው አያውቁም።»

አባቷ እጃቸውን ዘርግተው ስልኩን ተቀበሉ። መጀመሪያ በአባት ወግ ተነሺ ብለው ሊያዟት ሞከሩ፤ ታናሿ ግን ለምን ብላ ጠየቀች። አንድ ቃል እንድታበድራቸው ትልቋን ልጃቸውን አዩ። እሷ ፊቷን አዞረችባቸው፤ ተናዳለች።

«ልጄ» አሉ፣ «ያ የአምናው ቁጥር ነው። ወንዙን ካየሁት ሁለት ወር ሊሆነኝ ነው። ዋሽቻችኋለሁ።»



«አባባ» አለች እህቷ በቀስታ፣ «ከጠዋት ጀምሮ ጎረቤቴ ከቤቴ ወለል ውሃ እየጠረገችልኝ ነው። ወንዙ ነው፣ ልጆቼን ይዤ ልውጣ ስትለኝ፣ የእርስዎን ቁጥር አሳይቼ ቧንቧ ነው ብዬ ያስቀረኋት እኔ ነኝ። ልጆቿ እዚሁ እኔ ጋ ተኝተዋል።»

ሜትሯ ስልኩን ከአባቷ እጅ ነጥቃ ውጡ፣ ሁላችሁም ውጡ እያለች ጮኸች። ከወዲያ የሚሰማው የሕፃኑ ለቅሶና ውሃ ውስጥ የሚንቦጫረቅ ብዙ እግር ነበር።