ክርን ሳይታጠፍ

በወንድሜ በገሠሠ ቂም የያዝኩት ከልጅነቴ ጀምሮ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮ ገብሳችንን እንዳይጨርሰው ማማ ላይ የምውለው እኔ፣ ወንጭፍ አሽከርክሬ እስከ ገደሉ የማባርረው እኔ። ገና ደርሶ ሩሯ፣ የጨዋታው ኳስ፣ ስትወጣ ግን "ሴት ሩር አትመታም፤ ዳር ቁሚና እልል በይ" የሚለኝ እሱ። የታች ሰፈር የገና ጨዋታ አለቃ ነዋ! ዱላውን ቅቤ ያጠጣዋል፣ አቅፎት ይዞራል፤ ሚስቱን እንዲያ ሲያቅፍ አይቼው አላውቅም። እኔም ዓመት በመጣ ቁጥር ዳር ቆሜ እልል እላለሁ። እልልታዬ ውስጥ ስድብ እንዳለ እሱም አይጠፋውም።

ኢሕአዴግ በገባ በጥቂት ዓመቱ መንገድ ሠሪዎች መጥተው ከመንደራችን ከቀየት ዳር ድንኳን ተከሉ። መሐንዲሱ ሚስተር ራጁ የሚባል ህንድ ነው፤ ሰዎቹም ህንዶች ናቸው። ለገና ሥራ ሲቆም ጨዋታ አማራቸውና ሜዳችን ላይ ከወዲህ ሦስት ችካል፣ ከወዲያ ሦስት ችካል አቆሙ። ክሪኬት ነው አሉ።

"አንዱ ኳስ ወርውሮ ችካሉን ሊጥል ይሞክራል" አለን አስተርጓሚያቸው ታዲዮስ። "ሌላው በዚህ ጠፍጣፋ ዱላ ይከላከላል። መትቶ ካራቃት በሁለቱ ችካሎች መሐል እየተመላለሰ ይሮጣል፤ ነጥብ ያገኛል።"

"ይሄማ ገና ነው!" አለ ገሠሠ። "ሰርቀውን ነው እንጂ!" በርኖሱን ጣለና ገባ።

ራጁ ወረወረለት። ገሠሠ መታት፤ ምን ያለ ምት! ግን መመላለሱን ትቶ እንደ ልማዱ ኳሷን ተከትሎ በረረ። ደረሰባት፣ ደገማት። የታች ሰፈር ወንድ በሙሉ ዱላውን እያነሳ ተከተለው። የአባ ወልደ ጻድቅን የገብስ ክምር ዞሩ፣ በግ በተኑ፣ በገና ቀድሞ ያሻገረ የሚያሸንፍበት ጅረት አፋፍ ሲደርሱ "አገባን!" ብለው ጭፈራ ጀመሩ።

ህንዶቹ ጭንቅላታቸውን ይዘው ቀሩ።

"ወዴት ነው የሄዱት?" አለ ራጁ።

"እኔም አላውቅ፣ ጌታዬ" አለ ታዲዮስ።

እየጨፈሩ ሲመለሱ ከህንዶቹ አንዱ የእኛ ብርድና ከፍታ ራሱን አዙሮት ድንኳኑ ገብቶ ተኝቷል፤ ሰው ጎደላቸው። ተነሳሁና "እኔ ልግባ" አልኩ።

"አንቺ! ዳር ቁሚ ብያለሁ!" አለ ገሠሠ።

"የምገባው በህንድ በኩል ነው። የህንድም አለቃ ሆንክ እንዴ?"

ሜዳው በሳቅ ተናጋ። ራጁ ኳሷን ሰጠኝ። ገሠሠ ችካሉ ፊት ቆመ፤ እኔም ድንጋይ እንደምወረውር ወረወርኩ። ራጁ ግን እጁን አወናጨፈ።

"ክርንሽ ታጠፈ፤ አይቆጠርም" አለ ታዲዮስ። "እጅሽ ተዘርግቶ በራስሽ ላይ ዞሮ ነው መልቀቅ ያለብሽ፣ እትዬ ብርነሽ።"

"ታዲያ እንደ ወንጭፍ አትሉኝም!"

ነጠላዬን ወገቤ ላይ አሰርኩ። ከሩቅ ተንደርድሬ መጣሁና ክንዴን አዙሬ ለቀቅኳት። መሬት አንዴ ነጠረች፤ ገሠሠ ዱላውን ሲያነሳ ችካሉ ከኋላው ተጋድሟል። ራጁ እንደ ፍየል ግልገል ዘለለ። ተሾመች የምትባለው ጎረቤቴ እልልታውን አቀለጠችው፤ የዛሬው ለእኔ ነበር።

"ፀሐይ ዓይኔን ወግቶኝ ነው፤ ድገሚ" አለ ገሠሠ።

ደገምኩ። ወደቀ።

"ችካሉ አልጠበቀም!"

"ራስህ ትከለዋ፣ ጋሼ።"

ድንጋይ አንስቶ እየቀጠቀጠ ተከለው። ይሄኔ ኳሷ ስታገኘው መውደቁን ትቶ ለሁለት ተሰበረ።

ከዚያ ወዲያ ዓለም አቀፍ ተጫዋች ሆንኩ። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስሜ ስመለስ ለህንድ እወረውራለሁ። ዘመሮ ካለው ካምፕ የስሪላንካ ሰዎች ሊገጥሙን መጡ፤ ከመኪና ሳይወርዱ "ያቺ ሴትዮ አለች?" ብለው ጠየቁ። አለች ሲሏቸው አንዱ ብርድ ልብሱን ቀዶ ቅልጥሙን ጠቀለለ። ብልህ ሰው፤ ችካሉን ግን ምን ሊጠቀልለው! ኃይለኛ ወርዋሪ ነሽ፣ አገራችን ብትሆኚ በሬዲዮ ይጠሩሽ ነበር አለኝ። ለገሠሠ ድገምለት አልኩት ታዲዮስን። ደገመለት፤ ገሠሠ በጎቹን ሊያይ ሄደ።

መንገዱ ወደ ራቤል አለፈ፣ ህንዶቹም አብረው አለፉ። ተመልሶ ገና መጣ። ገሠሠ የታች ሰፈርን ወንዶች አሰልፎ ሜዳ ሲገባ እኔ ወይራ ቆርጬ፣ አጉብጬ የሠራሁትን ዱላ ይዤ ከላይ ሰፈር ልጆች ጋር ቆሜያለሁ።

"ብርነሽ፣ ህንዶቹ ሄደዋል" አለኝ።

"እኔ አለሁ።"

"ሴት ሩር አት..."

ሳይጨርስ ሩሯን ከእግሩ ሥር መነተፍኳትና መታኋት። ተከትያት ሮጥኩ፣ ደረስኩባት፣ ደገምኳት። ከኋላዬ ገሠሠ "ያዟት! ያዟት!" እያለ ይጮኻል። ማን ይያዘኝ? ቀሚሴን ሰብስቤ በአባ ወልደ ጻድቅ ክምር ዞርኩና ከጅረቱ አፋፍ አሻግሬ አገባሁ።